ከሰዓት ሠሪው ግድግዳ ወዲያ

ባንዱ አራት ሰው ነበር። እኛ አድናቂዎቹ ደግሞ በጣም በበዛን ቀን አስራ አንድ እንሆናለን። አልበም አላወጡም፤ ቴሌቪዥን ላይ አልቀረቡም፤ እዚያው ፒያሳ ውስጥ እንኳን ከሁለት መንገድ ወዲያ የሚያውቃቸው አልነበረም። የባንዱን ስም ልጻፍ ብልም አይሆንልኝም። በየሁለት ወሩ እየተጨቃጨቁ ይቀይሩት ስለነበር የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ እነሱም አይስማሙም። እኛ "ልጆቹ" ነበር የምንላቸው። "ዛሬ ልጆቹ አሉ?" "አሉ።" በቃ።

ያኔ ፒያሳ አጠገብ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው መጽሐፍ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የእድር ደንብ እያነበብኩ የተገደፈ ፊደል እለቅማለሁ። ቅዳሜ የምንሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የኔ ቢሆንም ምን እንደማደርግበት አላውቅም ነበር። እሪ በከንቱ እናቴ ቤት እገባለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ እተኛለሁ። ገና ሃያ አምስት ዓመቴ ሆኖ አኗኗሬ የጡረተኛ ሴት ነበር። ይህን ያለችኝ ጓደኛዬ ናት።

ጓደኛዬ የባንዱ ድራም ተጫዋች ነበረች። አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ትምህርት ቤት ስንሄድ እንጨት ይዛ የሰፈሩን የቆርቆሮ አጥር ሁሉ እየመታች ታልፍ ነበር፤ እያንዳንዱ ቆርቆሮ የየራሱ ድምፅ እንዳለው ያወቅኩት ከሷ ነው። የሚሰድቧት ጎረቤቶች ነበሩ፣ የሚስቁላትም ነበሩ። አድጋ ድራም ስትይዝ የሚስቁላት ቀነሱ። ሴት ልጅ ድራም ላይ ተቀምጣ ማየት ለሰፈራችን ከባድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ዛሬ ልብስ አታጥቢም" አለችኝ።

"የት ልንሄድ ነው?"

"አቦ ዝም ብለሽ ነይ። ፋራ አትሁኚ።"

ከወርቅ ቤቶቹ መሀል በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ይዛኝ ገባች። ከኋላ ያረጀ ግቢ አለ፤ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ወለሉ ሲረገጥ የሚያቃስት ቤት። ድሮ ልብስ ስፌት ቤት የነበረ አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ሦስት ወንዶች ሽቦ እየፈቱ አገኘናቸው። ጊታር ተጫዋቹ ረጅምና ቀጭን ነው። ልጅ ሳለ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዜማ ጀምሮ ሳይጨርስ አዲስ አበባ መጣ። ማሲንቆ ተጫዋቹ የወሎ ልጅ ነው፤ ማሲንቆው ቆዳ ላይ ትንሽ ማይክ ለጥፎ በአምፕሊፋየር ያስጮኸዋል። ሦስተኛው ቤዝ ጊታር የሚጫወተው የባንክ ሠራተኛ ነው። ከሥራ በቀጥታ ስለሚመጣ ክራባቱን ሳይፈታ ነበር የሚጫወተው።

ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ራሴን አመመኝ። ማሲንቆው የራስ መኮንን ድልድይን ቁልቁለት እንደሚወርድ አውቶቡስ ፍሬን ይጮሃል። ጊታሩ አንዲት ድምፅ ይዞ እስክትቆስል ይመላለስባታል፤ ከዚያ ድንገት ዝም ይላል፤ በጣም ረጅም ዝምታ፣ ተበላሸ ወይስ ጨረሰ የሚያሰኝ። ዘፈን የለም፣ አዝማች የለም፣ አብረሽ የምትይው ነገር የለም። ጓደኛዬ ብቻ ከኋላ ሆና ሁሉን ነገር እንደ ጭነት በገመድ አስራ ይዛዋለች።

ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆና መጣች።

"እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"ውሸታም!" ብላ ሳቀችብኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሄድኩት ለጓደኝነቱ ብዬ ነው። በሦስተኛውም እንደዚሁ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ እያረምኩ፣ ማሲንቆው ባለፈው ቅዳሜ የተጫወታት አንዲት ሐረግ መጣችብኝ። ከአምባሰል ጀምራ ወደማታውቀው ቦታ የምትሄድ፣ መንገዱ ሲጠፋባት ደግሞ የማትደነግጥ ሐረግ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ግድግዳውን ሳይ አለቃዬ "ምን ሆንሽ?" አለኝ። ከዚያች ማክሰኞ በኋላ ቅዳሜ አይደርስልኝም ነበር።

ግቢው ሁሉ ግን እንደኔ አልነበረም። አንዱ ወርቅ ሠሪ እኛ በመተላለፊያው ስንገባ ባየ ቁጥር "ዛሬስ ትራንስፎርመሩ በስንት ሰዓት ነው የሚፈነዳው?" ይለን ነበር። ሌላዋ ጎረቤት ልጆቹ ሽቦ ሲቀጥሉ ስታይ አማትባ በሯን ትዘጋለች። በግድግዳ የሚለዩን ሰዓት ሠሪው ደግሞ አንድ ቀን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ትንሿን ወረንጦ በእጃቸው እንደያዙ መጡ። ስድሳ አምስትን ያለፉ፣ ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን ፒያሳ የጨረሱ ሰው ናቸው። በር ላይ ሲቆሙ ልጆቹ መጫወት አቆሙ።

"ልጆቼ" አሉ፣ "ጠረጴዛዬ ላይ ብሎኖቼ እየጨፈሩብኝ ነው። አንዱን እስካሁን አላገኘሁትም።"

ጊታር ተጫዋቹ ደንግጦ "ይቅርታ አባባ፣ እንቀንሳለን" አለ።

"መቀነሱስ ይቅር። ያ አሁን ያለቅስ የነበረው ምንድነው?"

ማሲንቆ ተጫዋቹ ማሲንቆውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ሽቦውን አዩ፣ አምፕሊፋየሩን አዩ፣ መልሰው ማሲንቆውን አዩ።

"ይኼ ነው እንዲህ የሚለው? ወይ ጉድ! የማን አገር ልጅ ነህ?"

"የወሎ።"

"ነው እንጂ!" አሉና በር ላይ ያለው የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀመጡ። "በል እስኪ ድገመው።"

የዚያን ቀን ሰዓት ሳያድሱ ዋሉ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ስምምነት ተደረገ፤ ልምምዱ ከአስር ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሆን። እስከዚያ ረቂቅ ረቂቁን ሥራቸውን ይጨርሳሉ፣ የዐስር ሶላታቸውን ይሰግዳሉ፣ ሱቃቸውን ቆልፈው የሥራ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁላችንም አባባ አልናቸው። ከኛ ሁሉ ታማኙ እሳቸው ሆኑ፤ እኔ እንኳን በጉንፋን የቀረሁበት ቅዳሜ አለ፣ እሳቸው ግን የቀሩበት የለም።

እንዲህ እንዲህ እያልን በዛን። አምስት ኪሎ የምታስተምር የባዮሎጂ መምህርት መጣች፤ ሁልጊዜ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማው። ትራንስፎርመር እያለ የሚያሾፍብን ወርቅ ሠሪ ራሱ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሰማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ገባ፣ ከዚያ በኋላ ማሾፉን ባይተውም አልቀረም። የቀሩት የተማሪና የሠራተኛ ቅልቅል ነበሩ። ልምምዱ ሲያልቅ ድራሙን ጥግ አስይዘን፣ ሽቦውን ጠቅልለን፣ ሁላችንም ወደ አንድ ኬክ ቤት እንወርዳለን። ባንኮኒው ላይ ተደግፈን ማኪያቶ እየጠጣን እንጨቃጨቃለን። ዛሬ ጊታሩ ከወትሮው ዝምታውን አሳጠረ፤ የለም አላሳጠረም። መምህርቷ ማሲንቆው ብቻውን ሲሆን ነው የምትወደው። አባባ ግን የቤዙ አድናቂ ነበሩ።

"ይኼ ክራባት ያሰረው ልጅ ባይኖር ሁላችሁም ትወድቁ ነበር" ይሉ ነበር። "እሱ እኮ ሰዓቱን የሚያስኬደው ዋናው ሞላ ነው። ሞላ አይታይም።"

ባንከሩ አንገቱን ደፍቶ ማኪያቶውን ያማስላል። እንደዚያ ተደስቶ ያየሁት ሌላ ጊዜ የለም።

ከሚጫወቱት ሁሉ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ የሚፈጅ አንድ ሥራ ነበራቸው። ስም አላወጡለትም፤ እኛ "ረጅሙ" አልነው። ብዙ ቦታ ላይ ጊታሩ ከቅኝት ወጥቶ የሚመለስ አይመስልም፤ ማሲንቆው ይከተለዋል፤ ከዚያ ጓደኛዬ በድራሙ ከሩቅ ትጠራቸውና አንድ በአንድ ይመለሳሉ። በስልኬ አንድ ጊዜ ቀድቼዋለሁ። ሲሰማ አብዛኛው ጩኸት ነው፤ መሀል ላይ የኔ ሳል አለ፤ መጨረሻው ላይ አባባ "ወይ ጉድ" ሲሉ ይሰማል። ስልኩ ሲበላሽ እሱም ጠፋ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። ከልምምድ ወጥተን እኔና ጓደኛዬ ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ እየወረድን ነበር። በግራዋ በኩል ሆኜ የማተሚያ ቤቱን ወሬ አወራታለሁ፤ አትመልስልኝም። የተቀየመችኝ መሰለኝ።

"ምን አደረግኩሽ?" አልኳት ትከሻዋን ይዤ።

ዞር ብላ አየችኝና በክንዴ ይዛ ወደ ቀኟ አሻገረችኝ።

"አሁን አውሪ።"

ከዚያ ነገረችኝ። ግራ ጆሮዋ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ፉጨት ነበር። መጀመሪያ ይመጣል ይሄዳል፤ ቀጥሎ መሄዱን ተወ፤ ቀጥሎ ከፉጨቱ በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ። ሐኪም ቤት ሄዳለች። ሐኪሙ ግራው ወደ ነበረበት እንደማይመለስ፣ ከከባድ ድምፅ ካልራቀች ቀኙም እንደሚከተል ነግሯታል።

"እና?" አልኳት።

"እና ምን? ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ እንገናኛለን።"

"ለልጆቹ ንገሪያቸው።"

"ብነግራቸው ያቆማሉ።" ቆመች። "ለማንም እንዳትነግሪ። በእናትሽ ማይልኝ።"

በእናቴ ማልኩላት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ያሳፈረኝ መሐላው አልነበረም። ለመማል ምን ያህል እንደፈጠንኩ ነው ያሳፈረኝ። አንድም ጊዜ አልተከራከርኳትም። ሰው ቢጠይቀኝ ምስጢሯን ጠበቅኩ እል ነበር፤ ውስጤ ግን ያውቀዋል። ዝም ያልኩት ለሷ ብዬ ብቻ አልነበረም። ሙዚቃው እንዳይቆም ፈልጌ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ስህተት እየለቀምኩ የምኖረው ለዚያች ቅዳሜ ነበር፤ ያቺ ከሄደች ወደ ልብስ እጥበቴ እንደምመለስ አውቃለሁ።

አምስት ስድስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን አባባ ከኬክ ቤቱ ስንወጣ ወደኋላ አስቀሩኝ።

"ልጄ፣ ጓደኛሽ ምን ሆናለች?"

"ምንም አልሆነች አባባ። ለምን?"

"ማሲንቆው ሲመራ ትዘገያለች። ጊታሩ ሲመራ አትዘገይም። ማሲንቆው በግራዋ ነው የሚቆመው።"

"ደክሟት ነው" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ደክሟት" አሉ ቀስ ብለው። ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ መስጊድ ሄዱ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲቀድምና ሲዘገይ ያዳመጠን ሰው የማታለል ሙከራዬ በዚህ አለቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በርጩማቸውን ከበሩ አንስተው ከጓደኛዬ ፊት ለፊት፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ማሲንቆው መምራት ሲጀምር መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ መውደቅ ጀመረ። ትክ፣ ትክ፣ ትክ። እያየሁ ነው፤ ጓደኛዬ እጃቸውን አየች፣ ዓይናቸውን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ከእጃቸው ላይ ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ተጫወተች። አንድ ጊዜም አልዘገየችም። ስለዚህ ነገር ማንም ምንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እንደዚያው ሆነ።

በዚያው ሰሞን ነው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መድረካቸው የተገኘው። ወደ አምስት ኪሎ መውጫ ያለ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስሙ የገነነ የጭፈራ ዘፋኝ ከመውጣቱ በፊት ሠላሳ ደቂቃ እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ የመጣው ግን ለዘፋኙ ነው። እኛ አስራ አንዳችንም ከፊት ተደረደርን። መምህርቷ የሐር ሻርፕ አድርጋለች። ወርቅ ሠሪው ፀጉሩን ተስተካክሏል። አባባ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ጥቁር ኮት ደርበው፣ ከጓደኛዬ በስተቀኝ የሚታዩበትን ወንበር አስቀድመው መርጠው ተቀምጠዋል።

ረጅሙን ጀመሩ። አምስት ደቂቃ ያህል ሰው ጠበቀ። ከዚያ ፉጨት መጣ።

"ኧረ ቅኝቱን ጨርሱና ጀምሩ!" አለ አንዱ፤ አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቄ ሊመጣ ነበር፤ የአራዳ ልጅ ነውና ቀልዱ ጥሩ ነበር። ሌላው "ማሲንቆው ያመዋል፣ ሐኪም ጥሩለት!" አለ። ሰው መውጣት ጀመረ። ወንበሮቹ እየታጠፉ ይጮሃሉ። የባንከሩ አንገት ላብ በላብ ሆኗል። ጊታር ተጫዋቹ ያንን ረጅም ዝምታውን ያዘ፤ በዚያ ሁሉ ፉጨት መሀል፣ ሳይቸኩል፣ አንዲት ልብ ምት እንኳን ሳያሳጥር። ዞር ብዬ አባባን አየሁ። መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ይወድቃል፤ ዝምታውንም ይቆጥሩታል። ጓደኛዬ የድራም ዱላዎቿን አንስታ እጃቸውን ታያለች። ስትገባ ማሲንቆው አብሯት ገባ፤ ጊታሩ ተከተለ፤ ቤዙ ከስር አነሳቸው። ያን ያህል አንድ ሆነው የተጫወቱበትን ጊዜ አላውቅም። ማልቀሴን ያወቅኩት መምህርቷ ሻርፗን ስትሰጠኝ ነው።

ሲያልቅ የአዳራሹ ግማሽ ባዶ ነበር። እኛ ቆመን አጨበጨብን። ከኋላችን የማናውቃቸው ጥቂት ሰዎችም ቆሙ። ስንወጣ አንዱ ጎልማሳ ማሲንቆ ተጫዋቹን ያዝ አደረገውና "ስማኝ ወንድሜ፣ ምኑም አልገባኝም፤ ግን ልወጣ አልቻልኩም" አለው። ለኛ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ያን ቀን ኬክ ቤቱ ውስጥ እየተቀባበልን ሃያ ጊዜ ሳንደግመው አልቀረንም።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ጓደኛዬ ደወለች። አባባ ሁለታችሁም ኑ ብለዋል። ሱቃቸው ስንገባ የሰው ሰዓት ከፍተው እየሠሩ ነበር። ክዳኑን ገጠሙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ለሁለታችንም ወንበር አቀረቡ።

"ልጄ" አሏት፣ "በግራሽ አትሰሚም።"

ወደኔ ዞረች። እኔ አንገቴን ነቀነቅኩ፤ አልተናገርኩም ለማለት። እሳቸው እጃቸውን አነሱ። "እሷ ደክሟት ነው ብላ ዋሽታኛለች። እሷን ተያት።"

"እርስዎ ካልተናገሩ ማንም አያውቅም አባባ" አለች።

"እኔ አልናገርም። አንቺ ነሽ የምትናገሪው። እኔ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ እጄን ስሰጥሽ የረዳሁሽ መስሎኝ ነበር። ትናንት አዳራሹ ውስጥ ስትጫወቺ ሳይሽ ወላሂ ፈራሁ። እጄን እያየሽ የቀረውንም ጆሮሽን ልትጨርሺው ነው።"

"ካቆምኩ ሙዚቃው ይቆማል።"

"ይቆማል" አሉ። መነጽራቸውን በጀለቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "እኔስ ቅዳሜን ምን ላደርገው ነው ብለሽ ነው?"

ጓደኛዬ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እሳቸው "አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ" እያሉ ሻይ አዘዙልን። ሻዩ መጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ማንም አልጠጣውም።

ቅዳሜ ለልጆቹ ነገረቻቸው። ጊታር ተጫዋቹ ጊታሩን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስተኛውና አቀፋት። ማሲንቆ ተጫዋቹ "በግራሽ የቆምኩት እኔ ነኝ" እያለ ራሱን ሲወቅስ ዋለ፤ ምንም ብንለው አልሰማ አለ። ሌላ ድራም ተጫዋች እንፈልግ ያለው ባንከሩ ብቻ ነበር፤ እሱም ተናግሮ ሳይጨርስ አፈረ። ያለ ድራም ሦስት ቅዳሜ ሞከሩት። እሷ ከግቢው ውጪ፣ መተላለፊያው አፍ ላይ ቆማ ነበር የምትጠብቀን። በሦስተኛው ቅዳሜ ጊታሩ ረጅሙ ውስጥ ገብቶ ከቅኝት ወጣ፤ ማሲንቆው ተከተለው፤ ሁለቱም እዚያው ቀሩ። የሚጠራቸው አልነበረም። ጊታር ተጫዋቹ አምፕሊፋየሩን አጠፋና "በቃ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት እንዴት እንደሄደ አላስታውስም። ማሲንቆ ተጫዋቹ አንድ የባህል ምግብ ቤት ገባ። ባንከሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ አገባ። ጊታር ተጫዋቹ ለልጆች ሙዚቃ ማስተማር ጀመረ። ጓደኛዬ ልብስ መሸጫ ከፈተች፤ ቀኝ ጆሮዋ ተረፈ። አድናቂዎቹ የምንገናኝበት ነገር አጣን፤ ያለ ልጆቹ ባንኮኒው ላይ ብንቆምም የምንጨቃጨቅበት አልነበረንም። አንድ ሁለት ጊዜ ሞክረን ተውነው። እኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት አሥር ሰዓት ሲቃረብ እግሬ አያስቀምጠኝም ነበር። በመተላለፊያው ገብቼ፣ ዝግ በሩን አይቼ፣ ለአባባ ሰላምታ ሰጥቼ እወጣለሁ። እሳቸውም ለምን መጣሽ አይሉኝም። "እንዴት ነሽ ልጄ" ይላሉ፤ ትንሽ እንቆያለን፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ጸጥታ ሁለታችንም እንሰማለን።

ቆይቶ ሰፈሩ ፈረሰ። የኛም ግቢ ፈረሰ፤ እናቴና እኔ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገባን። አሁን ወደ ፒያሳ ስመጣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ያማረ ነው፣ መብራቱ ብዙ ነው፤ ሰው ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል። መተላለፊያው የነበረው የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ከጊዮርጊስ በኩል እርምጃዬን እየገመትኩ እመጣና ልክ እዚህ ነው ብዬ እቆማለሁ። በሌላ ቀን ስመጣ ሌላ ቦታ ላይ እቆማለሁ። ቤቱን አይደለም የሚናፍቀኝ። ቤቱ ያረጀ ነበር፣ ያፈስ ነበር። የሚናፍቀኝ የሆነ ነገር እንደዚያ ከልቤ መጠበቄ ነው። ዛሬ የፈለግኩት ሙዚቃ ሁሉ በስልኬ ውስጥ አለ፤ ከዓለም ዳር እስከ ዳር ጊታር የሚያስለቅሱ ሰዎች አሉ። እሰማቸዋለሁ። ጥሩ ናቸው። ማክሰኞ ግን አንዳቸውም አይመጡብኝም።

ባለፈው ክረምት ከጓደኛዬ መልእክት ደረሰኝ። "አባባ አረፉ" ይላል። በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ልጃቸው ቤት ነበር የሚኖሩት። እኔና እሷ ለለቅሶ ስንደርስ ድንኳኑ ውስጥ ማሲንቆ ተጫዋቹን አየሁት፤ ጊታር ተጫዋቹንም፤ ባንከሩ ከሌላ ከተማ አዳሩን ተጉዞ መጥቷል። መምህርቷ አለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ወርቅ ሠሪው አለ። ሰባት ዓመት ያልተያየን ሰዎች ማንም ሳይጠራን ተሰብስበናል። እኛ ሴቶቹ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥን፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነን በክፍተቱ ወንዶቹን እያየን ንግግራቸውን እንሰማለን።

ትልቁ ልጃቸው ወደነ ጊታር ተጫዋቹ ቀረበ። "ከየት ነው አባቴን የምታውቁት?" አላቸው።

"ፒያሳ ጎረቤት ነበርን" አለ ጊታር ተጫዋቹ።

"የሱቁ?"

"አዎ። በግድግዳ ነበር የምንለያየው።"

"ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እያመሸ ይመጣብን ነበር" አለ ልጁ። "እናቴ ትጠይቀዋለች፤ ሥራ ነው ይላታል። ሱቁ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ ግን ደስ ብሎት ስለሚመጣ አንጠይቀውም ነበር።"

ማሲንቆ ተጫዋቹ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ማንም አላብራራም። በዚያ ቤት፣ በዚያ ቀን፣ ስለ አምፕሊፋየርና ስለ ድራም ማውራት ተገቢ አልነበረም። ዱዓው ሲያልቅ ተሰናብተን ወጣን።

ስንመለስ ሁላችንም አንድ አውቶቡስ ውስጥ ገባን። ብዙ አላወራንም፤ በየፌርማታው አንድ አንድ እያልን ጎደልን። መጨረሻ ላይ እኔና ጓደኛዬ ብቻ ቀረን። በቀኟ ተቀምጫለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል። ስንት ዓመት ይዤው የኖርኩትን ነገር ያኔ ተናገርኩት።

"ያን ጊዜ ስትነግሪኝ፣ አቁሚ ማለት ነበረብኝ" አልኳት። "ያላልኩሽ ምስጢርሽን ልጠብቅ ብዬ ብቻ አይደለም። እንዳታቆሙ ፈልጌ ነው። ላንቺ አላሰብኩም።"

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

"አውቃለሁ እኮ" አለች። "ላንቺ የነገርኩሽ ለምን ይመስልሻል? ለእህቴ ብነግራት እየጎተተች ትወስደኝ ነበር። አቁሚ የማይለኝን ሰው ነው የመረጥኩት።" ከዚያ ፈገግ አለች። "ሱሱ ከኔ ይልቅ ባንቺ ነበር የባሰው።"

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቄ መሀል ላይ ወደ እንባ ተለወጠብኝ።

"በጣም ነው የሚናፍቀኝ" አልኳት።

"ምኑ?"

"ሁሉም። አንቺንስ?"

አውቶቡሱ ቆሞ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ።

"እኔን የሚናፍቀኝ ከመጀመራችን በፊት ያለው ነው" አለች። "ዱላዬን አንስቼ፣ እናንተ ማውራት አቁማችሁ፣ ሁላችሁም እኔን ስታዩኝ። ያን ያህል የተጠበቅኩበት ጊዜ የለም።"

ፌርማታዋ ደርሶ ተነሳች። በሩ ጋ ሆና በእጇ ተሰናበተችኝ። ወርዳ መንገዱን ስትሻገር መኪና እንዳይመጣባት አንገቷን ወደ ግራ ሁለት ጊዜ፣ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ አዞረች። እስክትሻገር አየኋት። ከዚያ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ለኔ ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረኝ ነበር።